መንገድ የሳተ ሯጭ፤ በካርታ የሚሮጥ ሰው በየዕለቱ ጤናውን ስለሚጠብቅበት ሥርዓት



በዚህ ገጽ ላይ ብዙውን ጊዜ የምንጽፈው ስለ መጠጥ ውኃ፥ ስለ ዝንብና ስለ መጸዳጃ ቤት ነው። ስለዚህ ዛሬ ስለ ሩጫ ስንጽፍ «ሩጫንና ጤና ጥበቃን ምን አገናኛቸው?» የሚል አንባቢ አይጠፋም። መልሱ አጭር ነው። ሯጭ በቀን አንድ ሰዓት ቢሮጥ፥ የቀሩት 23 ሰዓታት የሚበላባቸው፥ የሚጠጣባቸው፥ የሚታጠብባቸውና የሚተኛባቸው ናቸው። በእነዚህ ሰዓታት ሥርዓት ያልያዘ ሰው በአንዲቱ ሰዓት ሩጫ ሰውነቱን አጠነክራለሁ ብሎ ተስፋ ቢያደርግ ድካሙ ከንቱ ይሆንበታል፤ አልፎም ይጎዳዋል።

ልናስረዳ ያሰብነው ግን በአስፋልት ወይም በስታዲየም ውስጥ ስለሚደረገው ሩጫ ሳይሆን፥ በካርታና በኮምፓስ እየተመሩ በሜዳና በኮረብታ ስለሚሮጡት ሩጫ ነው። በውጭ አገር ኦሪየንቲሪንግ ይባላል፤ እኛ በዚህ ጽሑፍ «የካርታ ሩጫ» እንለዋለን። ሯጩ ካርታና ኮምፓስ ይሰጠዋል፤ በሜዳው ላይ የተተከሉትን ምልክቶች በተራቸው እየፈለገ ያገኛል፤ ከአንዱ ምልክት ወደ ሌላው የሚያደርሰውን መንገድ የሚመርጠው ግን ራሱ ነው። ስለዚህ እግሩ ፈጣን የሆነ ሁሉ አያሸንፍም፤ እየሮጠ ማሰብ የሚችል ያሸንፋል።

ይህ ጨዋታ የተጀመረው በሰሜን አውሮፓ ነው። ለሕዝብ ክፍት የሆነው የመጀመሪያው ውድድር በአውሮፓ አቈጣጠር በ1897 በኖርዌይ፥ ዛሬ ኦስሎ በምትባለው ከተማ አጠገብ ተደረገ። በ1919 ደግሞ ኤርንስት ሺላንደር የተባለ የስዊድን መኰንን ወጣቶችን ወደ ዱር አውጥቶ ለማሯሯጥ ሲል በስቶክሆልም አቅራቢያ ትልቅ ውድድር አዘጋጀ። ዓለም አቀፉ የጨዋታው ፌዴሬሽን የተቋቋመው በ1961 ነው።

የጅጅጋ አካባቢ መሬት ለዚህ ጨዋታ የተመቸ መሆኑን የአገሩ ሰው ያውቀዋል። ከተማዋ ከባሕር ወለል በላይ 1,600 ሜትር ገደማ ከፍታ ባለው ሰፊ ሜዳ ላይ ትገኛለች፤ በስተ ምዕራቧ የካራማራ ተራራ ተዘርግቷል፤ በስተ ምሥራቅ ያለው ሜዳ እስከ ቶጎ ጫሌ ድረስ ይሄዳል። በተራራው ሥር ያለው ሸንተረርና ሸለቆ ካርታ ማንበብን ያስተምራል፤ ምልክት የሌለው ሜዳ ደግሞ ኮምፓስን ማመንን ያስተምራል። ግመልና ፍየል ሲጠብቅ ያደገ ልጅም በጥላው፥ በነፋሱና በኮረብታው ቅርጽ አቅጣጫ ለይቶ የመሄድን ዕውቀት ከአባቶቹ ወርሶ ይመጣል። ለእንዲህ ያለ ተማሪ መምህሩ የሚጨምርለት ካርታውን ብቻ ነው። መምህሩ የትምህርት ቤቱን ግቢ በእርምጃ ለክቶ በወረቀት ላይ ቢስል ለመጀመሪያው ወር ልምምድ ይበቃል።

ራስ ከእግር ይልቅ ቀድሞ እንደሚደክም

በጤና ላይ ያለ ሰው የሰውነቱ ሙቀት ወደ 37 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ነው። ሲሮጥ ግን ጡንቻው ከሚያቃጥለው ኃይል ለሥራ የሚውለው ሩብ ያህሉ ብቻ ሲሆን የቀረው ወደ ሙቀት ይለወጣል። ይህን ሙቀት ሰውነት የሚያስወጣው በይበልጥ በላብ ነው። የጭነት መኪና ነጂዎች የውኃ ጀሪካናቸውን በርጥብ ጆንያ ጠቅልለው ሲያንጠለጥሉት ውኃው እንደሚቀዘቅዝ ሁሉ፥ ላብም ከቆዳ ላይ ሲተን ደምን ያቀዘቅዛል። ጆንያው ከደረቀ ውኃው ይሞቃል። ሰውም በላቡ ያወጣውን ውኃ ካልተካ እንዲሁ ይሆናል።

በሙቀት ጊዜ የሚሮጥ ሰው በሰዓት ከግማሽ እስከ ሁለት ሊትር ላብ ሊያወጣ ይችላል። በጅጅጋ ሜዳ ላይ፥ ይልቁንም ጂላል በሚባለው የበጋ ወራት፥ ደረቁ ነፋስ ላቡን ወዲያው ስለሚያደርቀው ሯጩ «አላላበኝም» ብሎ ራሱን ያታልላል። ላቡ መኖሩን የሚመሰክረው ሸሚዙ ላይ የቀረው ነጭ የጨው ምልክት ነው። ክብደቱ 60 ኪሎ የሆነ ሰው 1.2 ኪሎ ያህል ውኃ ከጎደለበት፥ ማለት ከመቶ ሁለት እጅ፥ ሩጫው መድከም ይጀምራል። ጉድለቱ እየበዛ ሙቀቱም እየጨመረ ሲሄድ የሚታወከው አእምሮው ነው።

ዋናው ነገራችን እዚህ ላይ ነው። በሜዳ ሩጫ የደከመ ሰው ሲያዘግም ሁሉም ያየዋል። በካርታ ሩጫ ግን የድካሙ የመጀመሪያ ምልክት መንገድ መሳት ሊሆን ይችላል። መንገድ የሳተውን ሯጭ ጓደኞቹ «ካርታ አያውቅም» ብለው ይስቁበታል፤ እርሱ ግን ምናልባት ራሱን ሊስት የተቃረበ ሰው ነው።

በ1954 በቫንኩቨር፥ ካናዳ፥ በተደረገው የማራቶን ሩጫ እንግሊዛዊው ጂም ፒተርስ ከተከታዩ በ17 ደቂቃ ያህል ቀድሞ ወደ ስታዲየሙ ገባ። ቀኑ ሞቃት ነበረ። ጥቂት መቶ ሜትር ብቻ ሲቀረው እየወደቀና እየተነሣ ሲንገዳገድ ከቈየ በኋላ፥ ትክክለኛው የመጨረሻ መስመር ገና ሳለ ሰው ደግፎ አስቀረው። ነፍሱ ተርፋለች፤ ወደ ውድድር ግን አልተመለሰም። ከዚያ ቀደም በ1912 በስቶክሆልም ኦሊምፒክ የፖርቱጋሉ ፍራንሲስኮ ላዛሮ በሙቀት ውስጥ ሲሮጥ ወድቆ በማግስቱ ሞተ። ፀሐይ እንዳያቃጥለው ሰውነቱን በቅባት ለብጦት እንደ ነበረና ይህም ላቡን እንደ ከለከለው ይነገራል። በአንጻሩ በ1960 በሮም አበበ ቢቂላ ያሸነፈበት ማራቶን ፀሐይ ከበረደች በኋላ ወደ ማታ ተጀምሮ በችቦ ብርሃን ተፈጸመ። ከዚህ የምንማረው ሰዓት መምረጥ ፈሪነት አለመሆኑን ነው።

እኛም በውጭ አገር በትምህርት ላይ ሳለን ይህን ጨዋታ ሞክረን ነበር። አገሩ ብርድ ስለ ነበረ ውኃ አያስፈልግም ብለን፥ ቁርስም ሳንበላ ወደ ጫካው ገባን። ሦስተኛውን ምልክት ካለፍን በኋላ ካርታውን ገልብጠን ይዘን፥ ሰሜኑን ደቡብ አድርገን አንድ ሰዓት ያህል ዞርን። የገረመን መሳሳታችን አልነበረም፤ ስንሳሳት ሳለ ትክክል ነን ብለን ማመናችን ነው። ጓደኞቻችን አግኝተው ስኳር የበዛበት ሻይ ካጠጡን በኋላ ካርታውን ብናየው ስሕተቱ ሕፃን የሚያየው ነበረ። በብርድ አገር እንዲህ ከሆነ፥ በኤረርና በሺንሌ ቆላ ምን ሊሆን እንደሚችል መገመት አያስቸግርም።

የሯጩ ቀን

ከንጋቱ 11 ሰዓት ተኩል። ሯጩ ሲነሣ በመጀመሪያ የሽንቱን መልክ ይመልከት። እንደ ገለባ የነጣ ከሆነ ውኃ አልጎደለበትም፤ እንደ ወፈረ ሻይ ከጠቆረ ግን ከትናንት ዕዳ አለበት። አንድ ወይም ሁለት ብርጭቆ ንጹሕ ውኃ ጠጥቶ ይውጣ። ከበርካ ወይም ከኩሬ የተቀዳ ውኃ ሳይፈላ አይጠጣም። በጅጅጋ ከፍታ ውኃው እየተንፈቀፈቀ አንድ ደቂቃ ቢፈላ ይበቃል። ተቅማጥ የያዘው ሯጭ በአንድ ሌሊት የብዙ ሳምንት ልምምዱን ያጣል።

ከንጋቱ 12 ሰዓት። ፀሐይ ሳትበረታ ሩጫው ይጀመራል። «ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል» እንደሚባለው፥ ጀማሪ በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት እየተራመደና እየሮጠ ከግማሽ ሰዓት አይለፍ። ጠንከር ያለው ሩጫ በሳምንት ከሁለት ቀን አይብለጥ፤ ሁለቱም ቀናት አይከታተሉ፤ አንድ ቀን ፈጽሞ ዕረፍት ይሁን። በቀሩት ቀናት ሯጩ ቀስ ብሎ እየሮጠ እርምጃውን ይቊጠር፤ 100 ሜትር በስንት እርምጃ እንደሚፈጽም ያወቀ ሰው በሜዳ ላይ ርቀትን አይስትም። ከሩጫው በፊትና በኋላ በሚዛን ላይ መቆም ትልቅ ጥቅም አለው። አንድ ኪሎ የቀነሰ ሰው አንድ ሊትር ያህል ውኃ ጎድሎታል፤ በቀስታ ይተካው። ክብደት የጨመረ ግን ከመጠን በላይ ጠጥቷል ማለት ነው፤ ይህም ደምን በማቅጠን ጨውን ስለሚያሳንስ አደገኛ ነው። በ2002 በቦስተን ማራቶን ደማቸው ከተመረመረ 488 ሯጮች ውስጥ ከመቶ 13ቱ ጨዋቸው ከልክ በታች ሆኖ ተገኝቷል። ስለዚህ ደንቡ «ጥምህን አትናቅ፤ ሆድህንም በውኃ አትንፋ» የሚል ነው።

ከጠዋቱ 1 ሰዓት ተኩል። ከሩጫ የተመለሰ ሰው በአንድ ሰዓት ጊዜ ውስጥ ቢበላ መልካም ነው። ውድ ምግብ አያስፈልገውም። ላሆህ ከባቄላ ወይም ከእንቁላል ጋር፥ ወተት ያለው ሻይ፥ በምሳ ሰዓት ሩዝ ወይም ፓስታ ከጥቂት ሥጋና አትክልት ጋር በቂው ነው። የግመል ወተት እጅግ ጥሩ ምግብ ነው፤ ነገር ግን የግመልም ሆነ የላም ወይም የፍየል ወተት ሳይፈላ ሲጠጣ ብሩሴሎሲስ የሚባለውን በሽታ ያመጣል። ይህ በሽታ እየመጣ የሚሄድ ትኩሳት፥ የሌሊት ላብና የመገጣጠሚያ ሕመም አለው፤ ሯጩም «ሩጫ ጎዳኝ» ብሎ ስለሚያስብ ብዙ ወር ሳይታከም ይቀራል።

ከዚያም እግሩን በሳሙና ታጥቦ በጣቶቹ መካከል ያድርቅ፤ ርጥበት የቀረበት እግር ያሳክካል፥ ይሰነጠቃልም። አበበ ቢቂላ በባዶ እግሩ ማሸነፉን ሁሉም ያውቃል። እርሱ ግን የሮጠው በተነጠፈ መንገድ ነበረ፤ የእኛ ሯጭ የሚረግጠው የግራር እሾህ ነው። በአፈር የቆሸሸ የእሾህ ቁስል መንጋጋ ቆልፍ የሚባለውን ገዳይ በሽታ ሊያመጣ ስለሚችል፥ ሯጭ ጫማ ማድረግ ብቻ ሳይሆን የመንጋጋ ቆልፍ ክትባቱንም መፈጸም ይገባዋል።

ከሰዓት በኋላ። ፀሐይ በበረታችበት ሰዓት ሯጩ ጥላ ሥር ሆኖ ካርታውን ያጥና፤ መንገዱን በሐሳቡ ይሩጠው። ስለ ጫትም በግልጽ መናገር አለብን። ጫት የልብን ምት ያፋጥናል፥ የደምን ግፊት ያበዛል፥ የሰውነትን ሙቀት ይጨምራል፤ ረኃብን ያስረሳል፥ እንቅልፍን ያርቃል። ሩጫም በበኩሉ ልብን ያፋጥናል፥ ሰውነትን ያሞቃል። ሁለቱን አንድ ላይ የሚሸከም ልብ ሁለት ጭነት እንደ ተጫነ ግመል ነው። ጫት ቅሞ የሚሮጥ ሰው ድካሙ ስለማይሰማው ማቆም በሚገባው ጊዜ አያቆምም፤ ማታም እንቅልፍ ስለማያገኝ ነገን የሚጀምረው በጉድለት ነው።

በጾም ወራት። በረመዳን የሚጾም ሯጭ ልምምዱን ፈጽሞ ሊተው አይገደድም፤ ነገር ግን ሰዓቱን ይለውጥ። ቀላል ሩጫ ከማፍጠሪያው በፊት ባለው ሰዓት፥ ጠንከር ያለው ደግሞ ካፈጠረና ከጠጣ በኋላ ቢሆን ይመረጣል። ውኃውንም በአንድ ጊዜ ሳይሆን ከማፍጠሪያ እስከ ስሑር ድረስ ከፋፍሎ ይጠጣ። የክርስቲያን ጾም የሚጾመውም ሽሮውን፥ ምስሩንና ባቄላውን አያሳንስ። መምህራን የውድድር ቀን ሲወስኑ የጾሙን ወራት ማሰብ ይገባቸዋል።

ማታ 3 ሰዓት። ሯጭ መኝታውን ያክብር። ሰባት ወይም ስምንት ሰዓት ያልተኛ ሰው በማግስቱ እግሩ ቢታዘዘውም ካርታው አይታዘዘውም።

ስለሚሮጡበት ስፍራ

ካራማራና አካባቢው የውጊያ ስፍራ ነበረ። በ1933 ዓ.ም. ከጣሊያን ጋር በማርዳ በር፥ በ1970 ዓ.ም. ደግሞ ከሶማሊያ ጋር በተደረገው ጦርነት ብዙ ደም ፈስሶበታል። ጦርነት ካለፈ በኋላም የተቀበረ ፈንጂና ያልፈነዳ ጥይት ይቀራል፤ በሶማሌ ክልል ይህ ቅሪት ሰውንም ከብትንም ገድሏል፥ አካልም አጉድሏል። ስለዚህ መምህሩ አንድም ምልክት ከመትከሉ በፊት የቀበሌውን አስተዳደር፥ ሽማግሌዎችንና እረኞችን ይጠይቅ። ምልክቶቹ ሰውና ከብት በየዕለቱ በሚመላለስበት ስፍራ ብቻ ይተከሉ። የማያውቀውን ብረት ያየ ተማሪ አይንካው፤ በመጣበት ዱካ ተመልሶ ለታላላቆች ይናገር።

ሁለተኛው አደጋ ደረቅ ወንዝ ነው። በካርታ ላይ ደረቅ ሆኖ የሚታየው ወንዝ ከሩቅ ተራራ በዘነበ ዝናብ በድንገት ሊሞላ ይችላል። በ1998 ዓ.ም. ሐምሌ መጨረሻ በጎረቤታችን ድሬዳዋ በሌሊት የመጣው ጎርፍ ከ200 በላይ ሰዎችን መግደሉ አይረሳም። በካራን ዝናብ ጊዜ ከወንዝ ማዶ ምልክት አይተከልም።

ሦስተኛው ውሻ ነው። ማለዳ የሚሮጡ ሁለት ሁለት ሆነው ይውጡ። ውሻ የነከሰው ሰው ቁስሉ ትንሽ ቢሆንም በሳሙናና በሚፈስ ውኃ 15 ደቂቃ ያህል ይጠብ፤ በዚያው ቀን ወደ ጤና ጣቢያ ሄዶ ስለ ክትባት ይጠይቅ። የእብድ ውሻ በሽታ ምልክቱ አንዴ ከታየ ከሞት የሚያድን ሕክምና የለውም ለማለት ይቻላል።

በውድድሩ ቀን የመምህሩ ተግባር

ከጅጅጋ ወርዶ በኤረር፥ በሺንሌ ወይም በአይሻ ቆላ የሚወዳደር ሰው ሰውነቱ ሙቀቱን እስኪለምድ ከ10 እስከ 14 ቀን ያስፈልገዋል። በእነዚህ ቀናት ሰውነት ቶሎ ማላብን፥ ከላቡም ጋር የሚወጣውን ጨው መቈጠብን ይማራል። ይህን ጊዜ ያላገኘ ሯጭ ፍጥነቱን ይቀንስ።

ልብስ ሰፊ፥ ስስና ነጣ ያለ ይሁን። ለሴቶች ተማሪዎችም ልማዱን የጠበቀ ስስ የጥጥ ልብስና ሻሽ አይከለክላቸውም፤ በውድድሩ መካከል የምትረዳቸው ሴት መምህርት ግን መኖር አለባት።

በየመካከሉ ባለው ምልክት አጠገብ ውኃ የያዘ አንድ ሰው ይቀመጥ፤ ሯጩም ሲደርስ ሦስት ጥያቄ ይጠይቀው። ስምህ ማን ነው? ዛሬ ምን ቀን ነው? ካራማራ በየት በኩል ነው? ይህ ጨዋታ አይደለም። ካራማራን ማሳየት ያቃተው የጅጅጋ ልጅ ከዚያች ሰዓት ጀምሮ ሯጭ ሳይሆን በሽተኛ ነው። ደካማውን ነገር ግን አእምሮው የጸናውን ሰው በጥላ አሳርፎ ማጠጣት ይበቃል። ለዚህም በአንድ ሊትር ንጹሕ ውኃ ውስጥ ስድስት ለጥ ያለ የሻይ ማንኪያ ስኳርና ግማሽ ለጥ ያለ የሻይ ማንኪያ ጨው ማዋሐድ ነው። የሚቀባዥር፥ የሚንገዳገድ ወይም ራሱን የሳተ ግን በሙቀት ተመትቷል፤ ሙቀቱም ከ40 ዲግሪ አልፎ ሊሆን ይችላል። «ገና እያላበው ነው» ተብሎ አይናቅ፤ በሩጫ ላይ በሙቀት የተመታ ሰው ሊያልበው ይችላል። ያን ጊዜ እንዲህ ይደረግ፤

1. ወደ ጥላ ወስዶ ከላይ ያለውን ልብስ ማውለቅ።
2. ውኃ የሞላ ገንዳ ካለ ራሱን ደግፎ እስከ አንገቱ መንከር፤ ከሌለ መላ ሰውነቱን ያለማቋረጥ በውኃ ማራስና በጨርቅ ማራገብ።
3. አእምሮው እስኪመለስ በአፉ ምንም አለመስጠት፤ ካስታወከውም በጎኑ ማስተኛት።
4. መኪና እየተጠራ ማቀዝቀዙን መቀጠል። በቅድሚያ ማቀዝቀዝ፥ ቀጥሎ ወደ ሐኪም ማድረስ። የመጀመሪያው ግማሽ ሰዓት ነፍስ የሚድንበት ወይም የሚጠፋበት ነው።

ውኃውን፥ ገንዳውንና መኪናውን ማዘጋጀት ያልቻለ ትምህርት ቤት ውድድሩን ለሌላ ቀን ቢያስተላልፈው ይሻላል።

አባቶቻችን «ሳይርቅ በቅርቡ፥ ሳይደርቅ በርጥቡ» ይላሉ። ይህ ቃል ለነገር ብቻ ሳይሆን ለሰውነትም ይሠራል። በሚቀጥለው ሩጫችሁ አንድ ተማሪ መንገድ ስቶ በሜዳው ላይ ሲዞር ብታዩት፥ ከመሳቃችሁ በፊት ውኃ ይዛችሁ ወደ እርሱ ሂዱ፤ ካራማራም በየት በኩል እንደ ሆነ ጠይቁት።